ድጋሚ ሁሉ ትርፍ ነውን?

«ደገመ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ሦስት ፊት አለው። አንድ ሽማግሌ በማለዳ ተነሥተው ዳዊት ደገሙ ስንል ምስጋና ነው። አንድ ተማሪ ክፍል ደገመ ስንል ወቀሳ ነው፤ ዓመቱ በከንቱ አለፈ ማለታችን ነው። አንድ ጠንቋይ ደገመበት ስንል ደግሞ ፍርሃት ነው፤ የተደጋገመው ቃል ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ በሌላው ሰው ሰውነት ውስጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ምስጋናው፣ ወቀሳውና ፍርሃቱ በአንድ ግሥ ውስጥ ተሰብስበው መገኘታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ሰው ስለ ድግግሞሽ ያለው ፍርድ ከጥንት ጀምሮ ያልቆረጠ መሆኑን ያመለክታል።

የጎጃም ደጋ ይህን ያልቆረጠ ፍርድ በጉባኤ ደረጃ ይዞ የኖረ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራና በጎንጅ በኖሩት የቅኔ ቤቶች የተማሪው ክብር የሚለካው ትናንት ያልተባለውን ዛሬ በማለቱ ነው። ሲያድር የከረመ ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት የቀረበ ተማሪ ሰነፍ ይባላል፤ የሰው ከሆነማ ነገሩ ከስንፍናም የከፋ ነው። በዚያው አገር ወደ አቋቋም ጉባኤ ጎራ ያለ ሰው ግን ሕጉ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። አንዱ ቃል በቁም ይባላል፤ ያው ቃል በዝማሜ ይመለሳል፤ ያው ቃል በመረግድ ይደገማል፤ ያው ቃል በጽፋት ይፈጥናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መቋሚያው፣ ጽናጽሉ፣ ከበሮውና የቆሙት ሰዎች ልብ ነው። ንባብ የሚማረው ሕፃንም ያንኑ ገጽ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ይመላለስበታል። እንግዲህ አንድ ሕዝብ፣ በአንድ ደጋ ላይ፣ ድግግሞሽን በአንደኛው ጉባኤ ይከለክላል፤ በሌላው ጉባኤ ያዛል።

የሚደጋገም ነገር ዋጋው ከወዴት ይመነጫል? ጥቅሙ ሳይታወቅ የተባዛ ነገር ሁሉ ትርፍ ነውን? ይህን ጥያቄ ለማኅሌቱና ለመድረኩ ሰዎች ብቻ ብንተወው ክርክሩ የጣዕም ክርክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጣዕምም ሆነ ዓላማ ወደሌላቸው ፍጥረታት፣ ማለትም ወደ ንብ፣ ወደ አንበጣ፣ ወደ ነቀዝና ወደ ዝንብ ወረድ ብለን ብንመለከተው ሳይሻል አይቀርም። ቋንቋችን እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት «ነፍሳት» ብሎ መጥራቱ ለዛሬው ነገራችን የተመቸ ነው፤ የምንጠይቀው ስለ ውስጣቸው ነውና።

ማንኛውም ሕያው ፍጥረት በየሕዋሱ ውስጥ የሰውነቱን አሠራር የያዘ ረጅም ጽሑፍ ተሸክሟል። ይህም ጽሑፍ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ቅርጽ ሲኖረው የዚህ ጽሑፍ ፊደላት አራት ብቻ ናቸው። ለሰውነት ሥራ መመሪያ የሚሆነው ዐረፍተ ነገር ጂን ይባላል፤ የጽሑፉ ጠቅላላ ድምር ደግሞ ዘረመል። የማር ንብ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2006 ተነቦ ሲታተም ርዝመቱ ወደ 236 ሚሊዮን ፊደል ሆኖ ተገኘ። ከሌሎች ነፍሳት ጋር ሲነጻጸር የተደጋገመው ክፍሉ እጅግ ጥቂት ነው፤ የታረመ መጽሐፍ ይመስላል። የበረሃ አንበጣ ዘረመል ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቀርብ ከ8 ቢሊዮን ፊደል በላይ ሆነ። ይህም ከንቧ ከ30 ጊዜ በላይ፣ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ካለው ከሰው ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው።

ዓመቱን ልብ እንበል። አንበጣው በወረቀት ላይ በተነበበበት በዚያው ዘመን፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም.፣ አንበጣው ራሱ በሀገራችን ላይ ወርዶ ከሶማሌ ምድር እስከ ወሎ ሰብል ላይ አርፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የወረደው መንጋ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳጠፋ ይነገራል። ይህን ያህል የሚያጠፋ ፍጥረት ይህን ያህል ረጅም ጽሑፍ ሲሸከም ያየ ሰው፣ ጽሑፉ የብልሃቱ ልክ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን አይደለም። የአንበጣውና የንቧ ጂኖች ቢቆጠሩ ሁለቱም በአሥር ሺህና በሃያ ሺህ መካከል የሚገኙ ናቸው። ትርፉን የሞላው ከግማሽ የሚበልጠው የአንበጣው ጽሑፍ ድጋሚ መሆኑ ነው፤ ያው ሐረግ፣ ያው ቃል፣ በሺህ ቦታ ተገልብጦ። የሩዝ ነቀዝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህ ነፍሳ የጎጃም ገበሬ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ለሚገባው ነቀዝ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ንባብ መሠረት ከዘረመሉ 74 በመቶ ያህሉ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወሩና ራሳቸውን በሚያባዙ ቁራጮች የተያዘ ነው። እህላችንን የሚበላው ነቀዝ እርሱም በበኩሉ ውስጡን የተበላ ነው ለማለት ምላስን ይበላል፤ ነገር ግን ይህን ለማለት ቸኩሎ መቅደም አይገባም።

ይህ ሁሉ ድጋሚ ከየት መጣ? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛውን ብራና ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ቁም ጸሐፊው መስመሩን ጨርሶ ዓይኑን ወደ ምንጩ ሲመልስ፣ ተመሳሳይ ቃል ያስተውና የጻፈውን መስመር ዳግመኛ ይጽፈዋል። የሚቀጥለው ጸሐፊ ሁለቱንም መስመር እንዳሉ ይገለብጣል፤ ሁለት ተመሳሳይ መስመር ደግሞ ዓይንን ይበልጥ ስለሚያስት ሦስተኛው ጸሐፊ ዘንድ አራት ይሆናሉ። በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ አጭር ሐረግ ጎን ለጎን በሺህና በመቶ ሺህ ጊዜ ተደርድሮ ይገኛል፤ ሳይንቲስቶች ሳተላይት ይሉታል። ሁለተኛው መንገድ ግን ከስሕተት የተለየ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «ይህን ዐረፍተ ነገር ገልብጠህ በሌላ ገጽ ጻፍ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖርና ጸሐፊው ሳያስተውል ቢታዘዘው፣ ዐረፍተ ነገሩ ከገልባጭ ወደ ገልባጭ እየበዛ ይሄዳል። ለመጽሐፉ ታሪክ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ በ1940ዎቹ የበቆሎ ዥንጉርጉር ፍሬ እያጠናች እንዲህ ያሉ ተዘዋዋሪ ቁራጮች መኖራቸውን ስትናገር አድማጮቿ ዝም አሉ። የኖቤል ሽልማት የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ለዚህ ነገር የወጡለት ስሞች ታሪክ ከነገሩ ታሪክ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሱሱሙ ኦኖ የተባለው ሊቅ ለሥራ የማይውለውን የዘረመል ክፍል «ውዳቂ» አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሌስሊ ኦርጌልና ፍራንሲስ ክሪክ በአንድ ወገን፣ ዱሊትልና ሳፒየንዛ በሌላ ወገን፣ በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን በወጡ ጽሑፎች «ራስ ወዳድ» ብለው ሰየሙት፤ የጥገኛ ጥገኛ መሆኑንም ተናገሩ። እንግዲህ ውዳቂ፣ ራስ ወዳድ፣ ጥገኛ! እነዚህ ቃላት በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ አልተወለዱም። ከሰው መንደር፣ ከሰው ሸንጎ ተወስደው ለፊደል ሰልፍ የተዋሱ ናቸው። ውሰት ደግሞ አንድ ቀን ይመለሳል። አንድ ቃል ወደ ተፈጥሮ ሄዶ የሳይንስ ካባ ደርቦ ሲመለስ፣ ከሄደበት ቀን ይልቅ ይበልጥ አስፈሪ ሆኖ ይመለሳል፤ ለዚህ ነገር ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ስሙ ለነገሩ ይስማማ እንደሆነ አንዲት ዝንብን እንጠይቅ። በጠላ ጋን ዙሪያና በበሰለ ፍሬ ላይ የምታንዣብበው ዓይነ ቀይ ትንሽ ዝንብ በዓለም ላይ እንደ እርሷ የተጠና ፍጥረት የለም ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ፍቼን ያልፋል። ከዚያው ከፍቼ፣ ወደ 3000 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ የተሰበሰቡ ዝንቦች እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘንድ ተጠንተው፣ ከቆላ ዘመዶቻቸው ይልቅ ገዘፍ ያሉና ጠቆር ያሉ መሆናቸው ተመዝግቧል። ደጋ ሰውን ብቻ ሳይሆን ዝንብንም ይቀርጻል ማለት ነው። ነገራችን ግን ስለ ቁመናዋ ሳይሆን በዚች ዝንብ ዝርያ ላይ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ስለ ደረሰው ወረራ ነው።

ይህች ዝርያ ፒ የሚባል ተዘዋዋሪ ቁራጭ አልነበራትም። የጥንቶቹ ተመራማሪዎች ከዱር ይዘው በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ያኖሯቸው ዝንቦች ዘሮች ዛሬም የላቸውም። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ገደማ ግን ቁራጩ በአሜሪካ አህጉር ከምትኖር ሩቅ ዘመድ ዝንብ ዘልቆ ገባ። ሁለቱ ዝርያዎች ከተለያዩ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቢያልፉም፣ በ2900 ያህል ፊደላት በተጻፈው በዚህ ቁራጭ ላይ በሁለቱ መካከል የተገኘው ልዩነት የአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የትናንት መጤ መሆኑ በዚህ ታወቀ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከዱር የሚያዙት ዝንቦች ሁሉ ማለት ይቻላል ተሸካሚ ሆኑ። ቁራጩን የተሸከመ ወንድ ቁራጩ ከሌላት ሴት ጋር ሲዳቀል ልጆቻቸው መካን ሆነው ይወለዳሉ፤ ቁራጩ በዘር ሕዋሳቸው ውስጥ እየዘለለ ጽሑፉን ይበጣጥሰዋልና። ይህን ያየ ሰው «ጥገኛ» ለሚለው ስም ፊርማውን ያኖራል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እናቲቱ ተሸካሚ ከሆነች ልጆቹ ደህና ናቸው። ለምን? መልሱ እየጠራ የመጣው ከ2007 ወዲህ ነው። በዝንቧ ክሮሞዞም ላይ የጥንት ወራሪዎች ስብርባሪ የተከማቸባቸው ቦታዎች አሉ፤ የመቃብር ስፍራ ልንላቸው እንችላለን። አዲስ መጤ ቁራጭ በመላው ዘረመል ሲዘል ሲዘል ከቅጂዎቹ አንዱ በአጋጣሚ በዚህ መቃብር ውስጥ ይወድቃል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመቃብሩ አጫጭር የአር.ኤን.ኤ. ቁራጮች እየተቀዱ ይወጣሉ፤ በሕዋሱ ውስጥም እየዞሩ የሟቹን ሕያዋን ወንድሞች ለይተው ያስይዛሉ። እናቲቱ እነዚህን ጠባቂዎች በእንቁላሏ ውስጥ አድርጋ ለልጇ ታወርሳለች፤ አባት ይህን ማውረስ አይችልም። እንግዲህ «ውዳቂ» ተብሎ የነበረው ክምር የዝንቧ ዘር መዝገብ ነው፤ ማን ወረረን፣ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ይዟል። የሚያስደንቀው መዝገቡ የተጻፈው በራሱ በወራሪው እጅና ቀለም መሆኑ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በእንስሳትና በዕፅዋት ዘንድ ክሮሞዞም በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ ያጥራል፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ፍጥረታት ጫፉን የሚቀጥል ልዩ መሣሪያ አላቸው። ይህች ዝንብ ግን መሣሪያውን ከረጅም ዘመን በፊት አጥታዋለች። ጫፎቿን የሚጠብቁላት በየጊዜው እየዘለሉ ጫፍ ላይ የሚያርፉ፣ ራሳቸውን የሚገለብጡ ተዘዋዋሪ ቁራጮች ናቸው። ዛሬ እነርሱ ባይኖሩ ዝንቧ አትኖርም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1848 በማንቸስተር ከተማ አንድ ጥቁር የእሳት ራት ታየ፤ ዘመዶቹ ሁሉ ነጭ መደብ ላይ ነጥብ ያለባቸው ነበሩ። የፋብሪካው ጥላሸት ዛፉን ሲያጠቁረው ወፎች ነጩን እየለቀሙ ጥቁሩ በዛ፤ በምዕተ ዓመቱ ማብቂያ በዚያች ከተማ ነጩ ብርቅ ሆነ። ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የኖረ ነው። የጥቁረቱ ምክንያት ግን የተገኘው በ2016 ነው፤ 9 ሺህ ያህል ፊደል ያለው ሐረግ ሁለት ጊዜ ተደግሞ፣ ሦስተኛው ሳያልቅ የተቆረጠበት ተዘዋዋሪ ቁራጭ በአንድ ጂን ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ዲዲቲንም እንጨምር፤ በሀገራችንም ለወባ መከላከያ በየጎጆው ግድግዳ ሲረጭ የኖረው መድኃኒት ነው። የጋኗ ዝንብ ዲዲቲን እንድትቋቋም ያደረጋት መርዝ የሚያፈርሰው ጂኗ ደጃፍ ላይ የሰፈረ አንድ መጤ ቁራጭ መሆኑን በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

እዚህ ላይ የደረሰ አንባቢ አንድ አሳብ ይመጣበታል፤ «አየህ፣ በተፈጥሮ ውስጥ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ለአንድ ጥቅም ተቀምጧል» የሚል። ይህ አሳብ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የሽንኩርት ዘረመል ከሰው አምስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ሽንኩርት ከሰው አምስት እጥፍ የበለጠ ሥራ አለው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይከራከር። በሀዋይ ደሴቶች የምትኖር አንዲት የፌንጣ ዘመድ ዘረመሏ ከጋኗ ዝንብ 11 ጊዜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የቀረበው ምክንያት የሚያረካ ነው፤ ዝንቧ የማያስፈልጋትን ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ ስትጥል፣ ያቺኛዋ ግን 40 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው የምትጥለው። የአንድ ጎተራ ሙላት በሚገባው ብቻ ሳይሆን በሚወጣውም ይወሰናል። አንበጣውም ድጋሚውን የተሸከመው አስቦበት ሳይሆን መጣል ስላቃተው ነው። ከቅጂዎቹም አብዛኞቹ ዛሬ የሞቱ ናቸው፤ ፊደላቸው ተሳስቷል፣ መዝለል አይችሉም፣ ግን ይገለበጣሉ።

ነገሩን የሚያጠራልን «ለምን» የሚለው የገዛ ቃላችን ይመስለኛል። በአማርኛ ለምን ስንል ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ከምን የተነሣ ማለትም ነው፣ ለምን ዓላማ ማለትም ነው። ድጋሚው ለምን መጣ ሲባል፣ ከምን የተነሣ ከሆነ መልስ አለው፤ መገልበጥ ስለቻለ። ለምን ዓላማ ከሆነ ግን መልስ የለውም፤ ዓላማ አልነበረውምና። ውዳቂ ነው ባዩ ዓላማ ያልነበረው ነገር ጥቅም ሊኖረው አይችልም ብሎ ይሳሳታል። ሁሉም ጥቅም አለው ባዩ ደግሞ፣ ጥቅም የተገኘበት ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ለዚያ ዓላማ የመጣ ነው ብሎ ይሳሳታል። ሁለቱም የነገሩን ዋጋ ከምንጩ ላይ ሊቀዱት ይፈልጋሉ። ዝንቧ ግን ዋጋ የሚገኘው ዘግይቶ መሆኑን ትነግረናለች፤ መጤው ከሚኖርበት አካል ጋር በትግልና በዘመን ብዛት ከሚፈጥረው ዝምድና። ዝምድናው ወረራውን አያጸድቀውም፤ መካን ሆነው የቀሩት ልጆች መካን ሆነው ቀርተዋል። ወረራውም በበኩሉ ዝምድናውን አይሽረውም።

ንብን አመስግኖ አንበጣን መርገም የተለመደ ነው፤ ገበሬውም ምክንያት አለው። ነገር ግን ከዘረመላቸው ተነሥቶ፣ ንብ ጽሑፏ የታረመ ስለሆነ ሥርዓት ያላት ናት፣ አንበጣ ጽሑፉ የተዝረከረከ ስለሆነ አጥፊ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አንድ ቁጥር ብቻ እናስታውሰዋለን፤ የሰው ዘረመል ግማሽ ያህሉ ድጋሚ ነው። በዚህ ረገድ ሰልፋችን ከአንበጣው ጋር ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልመለስ። በገዛ ታሪካችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን «ቡዳ» እያሉ ከማዕድና ከጋብቻ ያገለለ ኅብረተሰብ ነበርን። ለባሹ የለበሰው በሸማኔው እጅ፣ አራሹ ያረሰው በቀጥቃጩ ማረሻ ሳለ ሰዎቹ ግን እንደ ትርፍ ይታዩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ማስፈለጋቸው የነገሩን ሥር መስደድ ይመሰክራል። በሌላው ዓለም ደግሞ «ጥገኛ» የሚለው ቃል ከተባይ ላይ ተነሥቶ በሰው ላይ ሲለጠፍ ምን እንዳስከተለ የሃያኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓ አሳይቷል። በእኛም ዘመን ይህ ቃል በስብሰባና በጽሑፍ ላይ ለሰው ሲሰጥ ሰምተናል። የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ይህን ቃል ለፊደል ሰልፍ ሲጠቀምበት ምሳሌ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ማንም ሰው ምሳሌውን ወስዶ «ተፈጥሮም እንዲህ ትላለች» ቢለን ልናምነው አይገባም። ተፈጥሮ በዝንቧ በኩል የተናገረችው ነገር ቢኖር ፈራጁ ብዙ ጊዜ ፍርዱን የሚቸኩል መሆኑን ነው። ይህም ቢሆን ከዝንብ የተቀዳ ሕግ አይሆንም። ሰውን ትርፍ ነህ የማንለው ጥቅም ሊገኝበት ይችላል ብለን ብቻ ከሆነ፣ ጥቅም ያልተገኘበት ቀን ምን ልንለው ነው? ዘረመል በጥቅም ቢመዘን ይመዘን፤ ሰው ግን በዚያ ሚዛን ላይ የሚወጣ አይደለም። በዚህ ቦታ ሥነ ሕይወት ሥራዋን ጨርሳ ታቆማለች፤ የሚቀጥለው የእኛ ሥራ ነው።

ለመምህራን አንድ ነገር አለኝ። ሽምደዳን ለማጥፋት የምናካሂደው ዘመቻ ድግግሞሽን ለማጥፋት ከሆነ የተሳሳተ ጠላት ይዘናል። ያ ሕፃን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ሲመላለስ በእያንዳንዱ ዙር ላይ የሚጨመር ነገር አለ፤ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ማንሣቱና መጣሉ፣ ከዚያ የቃሉ ሙሉ ወዝ። በዘመናዊው ትምህርት ቤት አንድን ትርጓሜ 20 ጊዜ የሚያስጽፍ መምህር በ20ኛው ላይ የጨመረው ነገር የለም፤ የሞተ ቅጂ ነው ያስገለበጠው። መፈክርም እንዲሁ ነው። የተጮኸው መቶ ጊዜ ከሆነና በመቶኛው ላይ የሚሰማው ሰው ትርጉሙን ከጠፋበት፣ ቃሉ አለ፣ ይገለበጣል፣ ግን አይንቀሳቀስም። ተውኔት የጻፈ ሰው ይህን በመድረክ ላይ ያውቀዋል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ሲባል ተመልካች ይሰማዋል፣ ሁለተኛ ሲባል ይስቃል፣ ሦስተኛ ሲባል ዝም ይላል። ዝምታውን ያመጣው ቃሉ አይደለም፤ በመካከሉ በገጸ ባሕርይው ላይ የደረሰው ነገር ነው። የቀረርቶ አዝማችም ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ሲሸጋገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተቀባዮቹ አንድ ዓይነት ቢመስላቸውም።

የፍልስፍና መማሪያዎች የመጠን ለውጥ ተከማችቶ የዓይነት ለውጥ ይሆናል ይሉ ነበር። ለዚህም የጋኗ ዝንብ ጥሩ ምሳሌ ትሰጠናለች። በአንደኛው ክሮሞዞሟ ላይ 359 ፊደል ያለው ሐረግ ጎን ለጎን ተደጋግሞ ብዙ ሚሊዮን ፊደል ይሞላል። ለምንም አይጠቅም ይሆናል። ከእርሷ በዓይን የማትለይ እህት ዝርያ አለቻት፤ እርሷ ግን ይህ ክምር የላትም። የእህቲቱ ሴት ከዚህኛዋ ዝርያ ወንድ ጋር ስትዳቀል፣ የአባታቸውን ክምር የወረሱት ሴቶች ልጆች ገና በእንቁላል ሳሉ ይሞታሉ። ሕዋሱ ሲከፈል ክምሩ ያለበት ቦታ አልላቀቅ ይላል፤ በእናቲቱ እንቁላል ውስጥ ይህን ክምር ጠቅልሎ የሚያኖር ስንቅ አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ይህ ግኝት ትርጉም የሌለው ድጋሚ ብቻውን ሁለት እህትማማቾችን ሁለት ዘር አድርጎ እንዲቀሩ ሊያግዝ እንደሚችል አሳየ። አንዲት ቃል ሳትነገር፣ በድግግሞሽ ብቻ።

እህቲቱ ፒ የተባለውን ቁራጭ አልነበራትም፤ ያ ሁሉ ወረራ ሲካሄድ አጠገብ ሆና አምልጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ግን ቁራጩ ወደ እርሷም መዝለቁ ታወቀ። ተመራማሪዎች ከፍሎሪዳ የያዟቸውን የእርሷን ዝንቦች በቤተ ሙከራ እያራቡ ወረራውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ተከታተሉት። በሞቃቱ ክፍል ውስጥ ቅጂዎቹ በፍጥነት በዙ፤ በ20ኛው ትውልድ ገደማ ግን መብዛታቸው ቆመ፤ አጫጭሮቹ ጠባቂዎችም ብቅ አሉ። የአንድ ዝንብ ትውልድ በሙቀት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የተፈጸመው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።